ያልተመለሰ ፉጨት

በመንደራችን ጉም በገባ ቁጥር የሚያፏጭ ሰው አለ። ስሙ ፀጋው ነው። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ አፋፉን ሲሻገርና የሚካኤልን ጥዶች ሲውጣቸው፣ ፀጋው የያዘውን ሥራ አስቀምጦ ይቆማል። ያዳምጣል። ከዚያም ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረዥም አድርጎ ያፏጫል። ለአገሩ አዲስ የሆነ ሰው የጠፋች በቅሎ የሚጣራ ይመስለዋል። እኛ ግን ለማን እንደሚመልስ እናውቃለን።

ይህን ስጽፍ ዘመኑ 2010 ዓ.ም. ነው። እኔ የዳባት ልጅ ነኝ፤ ከደባርቅ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ወደምታስኬደው ወደዚህች መንደር በመምህርነት ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ግልፍተኛ ነሽ ይሉኛል፤ አልዋሹም። ነገር ሲንዛዛ አልወድም፤ የሰው ምሥጢር ውስጥ መግባትም አልወድም። የፀጋው ነገር ግን ሳልፈልገው እጄ ላይ ወደቀ፤ ከወደቀም በኋላ አለቀቀኝም። ስለዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

በመጀመሪያ የበቅሎ ጫኞችን ደንብ ልናገር፤ ሁሉም ነገር የመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ጫኞች በጉም ውስጥ ሲጓዙ አይተያዩም። ስለዚህ ከፊት ያለው ጥቂት እየሄደ ያፏጫል፤ ከኋላ ያለው ይመልሳል። መልስ ሲመጣ ፊተኛው ጓደኛው ደኅና መሆኑን ያውቅና መንገዱን ይቀጥላል። መልስ ካልመጣ ግን በቅሎውን ያቆማል፤ ጓደኛውንም ፍለጋ ወደ ኋላ ይመለሳል። እዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም።

ፀጋውና አሻግሬ አብሮ አደጎች ነበሩ። አንድ ላይ አደጉ፣ በአንድ ማኅበር ጠጡ፣ ሁለቱም የበቅሎ ጫኝ ሆኑ። ከደባርቅ ጨውና ሳሙና ጭነው ጃናሞራ ያደርሳሉ፤ ሲመለሱ ገብስ ይጭናሉ። በበጋ ደግሞ ራስ ዳሸንን ለመውጣት የሚመጡትን ፈረንጆች ሻንጣ እስከ አምቢኮ ይወስዳሉ። ፀጋው ዝምተኛ ነው፤ አሻግሬ ግን ያሰበውን ሳይናገር የማያድር ሰው ነበር ይላሉ።

በ1989 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ሁለቱ ደባርቅ ገበያ ጭነት ሲረከቡ፣ አሻግሬ በነጋዴው ፊት የፀጋው በቅሎ ጀርባዋ ተገጥቧልና ጭነቷ ይቀነስላት አለ። ለበቅሎዋ አዝኖ ነው። ነጋዴው ግን ሁለት ኩንታሉን አንሥቶ ለሌላ ጫኝ ሰጠ። ፀጋው በሰው ፊት የተዋረደ መሰለውና አኮረፈ። ከደባርቅ እስከ አፋፉ ድረስ አንዲት ቃል አልተናገረም።

ስለ ኩርፊያ እኔም የምናገረው አለኝ። እኛ ስንናደድ ብዙ ጊዜ አንጮኽም፤ ዝም እንላለን። ዝም ያልነው ሰው እንዲቃጠል፣ እንዲለምነን፣ ጥፋቱን ፈልጎ እንዲያገኝ እንተወዋለን። ይህንንም ጨዋነት እንለዋለን። የተሳደበ ሰው ንስሐ ይገባል፤ ያኮረፈ ሰው ግን ምን አጠፋሁ ብሎ ይገባል?

ጉሙ አፋፉ ላይ ደረሰባቸው። አሻግሬ ከፊት አፏጨ። ፀጋው ሰማው፤ አልመለሰም። ደግሞ አፏጨ፤ አሁንም አልመለሰም። ትንሽ ይጨነቅ ብሎ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ አላሰበም። ሦስተኛው ፉጨት ቀረብ ብሎ ተሰማው፤ አሻግሬ በቅሎውን አቁሞ ሊፈልገው እየተመለሰ ነበር። ከዚያ ድንጋይ ሲንሸራተት ሰማ። አራተኛ ፉጨት አልመጣም።

በማግሥቱ ሰዎች በገመድ ወርደው ሬሳውን አወጡ። ሽማግሎችም ቦታውን አዩ። የአሻግሬ በቅሎ ከነጭነቷ ሰፊው ሜዳ ላይ በደኅና ቆማለች፤ የጫማው ዱካ ደግሞ በቅሎዋን ትቶ ወደ ኋላ፣ ወደ ገደሉ ጠርዝ ይሄዳል። አሻግሬም በዚያው ሰሞን የታጨችለት ልጅ ለሌላ ተድራበት ቆዝሞ ነበር። ነገሩ አላማራቸውም። አንድ ሽማግሌ የቀድሞ ጫኝ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቁ፤ አፏጭቶ ነበር ወይ፣ አንተስ መልሰህለታል ወይ አሉት። ፀጋው፣ «መልሻለሁ» አለ።

ውሸቱ ይህች አንዲት ቃል ናት። መልስ ያገኘ ጫኝ በቅሎውን ትቶ ወደ ገደል የሚመለስበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ሽማግሎቹ አሻግሬ ራሱን ጥሏል ብለው ፈረዱ። ራሱን ለገደለ ሰው ደግሞ ፍትሐት አይደረግም፤ በቅጥር ውስጥም አይቀበርም። አባ ወልደ ገብርኤል፣ ራሳቸው ክርስትና ያነሡትን ልጅ፣ እያለቀሱ ከለከሉ። አሻግሬ ከሚካኤል ቅጥር ውጭ፣ ወደ ገደሉ በኩል፣ ከአንድ የአስታ ዛፍ ሥር ተቀበረ። አርባው አልወጣለትም፤ ተዝካርም አልተደገሰለትም፤ ስሙ በጸሎት አይጠራም።

እናቱ የሺወርቅ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዓል በመጣ ቁጥር ሰው ሁሉ ቅጥር ውስጥ ሲያስቀድስ እሷ ከውጭ፣ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር ቅዳሴውን የምትሰማው። ታናሽ ልጇ ያርጋል የወንድሙን ስም መሸከም ከበደውና አገሩን ለቆ መተማ ወረደ። እኔ መንደሩ ስደርስ ያች ሴት ከቅጥር ውጭ ለምን እንደምትቀመጥ ጠይቄ፣ ነገሩን በሹክሹክታ ነገሩኝ። ለሹክሹክታ የሚበቃ ነገር ነበር።

ፀጋው ከቀብሩ በኋላ አንድ ሳምንት ሳይሞላ የአሻግሬን ፉጨት መስማት ጀመረ። ጉም ሲገባ ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። ጃናሞራ መንገድ ላይ ይሰማዋል፤ ጓሮው ውስጥ ይሰማዋል። ሚስቱ አመተ ማርያም ጋኔን ለክፎታል ብላ ጠበል ወሰደችው፤ ሁለት ሱባዔ ተጠምቆ ተመለሰ፤ ፉጨቱም አብሮት ተመለሰ። የንስሐ አባቱ እኒያው አባ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ጓደኛው የሞተበት ሐዘን የጎዳው መስሏቸው መጽሐፍ ከራስህ አይለይ አሉት። እሱም ከጎንደር አንድ ትልቅ ጥቁር መጽሐፍ ቅዱስ አስመጣና በቀይ ጨርቅ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር አደረገው። ማታ ይስመዋል፣ ጠዋት ይስመዋል። ማንበብ አይችልም።

እኔና እሱ የተገናኘነው በ2003 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ጎልማሶችን ፊደል አስቆጥሩ የሚል ትእዛዝ ከወረዳ መጣ። ሳምንቱን ሙሉ ሰባ ልጅ ስጠብቅ ሰንብቼ እሑድን ደግሞ ለጎልማሶች ስባል ደሜ ፈላ። የማይቀር ሆነና ከቅዳሴ በኋላ አሥራ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ለልጆች በተሠራ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ እየደረሰ ተቀመጡ። የተሰጠን መማሪያ ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት ነበር።

ሦስተኛው እሑድ ላይ ፀጋው በቀይ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣ። «መምህርት፣ እኔ ይህን ማንበብ ነው የምፈልግ። ብስባሹንስ እናውቀዋለን» አለኝ። ጨርቁን ፈታሁት። ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ የቅቤ ቅባት ይሸታል። አሥራ ሦስት ዓመት የሰው ራስ ሲሸከም ኖሯል እንጂ አንድ ቀን ተከፍቶ አያውቅም። ሳቄ መጣ። ምን ያደርግልሃል ብዬ ስጠይቀው ይጠብቀኛል አለ። ከምን ስለው ጨርቁን ከእጄ ወስዶ አጣጠፈው። ያን ሳይ ሳቄ ተቆረጠ።

ከክርስቶስ ቃል እንጀምር አለኝና ማቴዎስን ከፈትን። ፊደል ለቅሞ እስኪጨርስ ግንቦት ገባ። ክረምቱ ደግሞ በሙሉ በትውልድ ቆጠራው አለቀ። ይህን ዝለለው ብዬው አሻፈረኝ አለ፤ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለውን ሁሉ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ፣ ላብ ግንባሩ ላይ እያቸፈፈ ጨረሰው። እኔ በመሰላቸት ልሞት ነበር። እሱ ግን ስማቸው ተጽፎ እንዴት ይዘለላሉ አለኝ። ያን ጊዜ ስሙ በጸሎት የማይጠራ ሰው በልቡ እንዳለ አላወቅሁም።

በመስከረም አምስተኛው ምዕራፍ ላይ ደረስን። እዚያ ላይ የሰውዬው ጠባይ ግራ አጋባኝ። ያነበበውን ሁሉ እንደ ታዘዘ ነገር ነበር የሚወስደው። መብራት አብርቶ ከእንቅብ በታች የሚያኖር የለም የሚለውን ያነበበ ዕለት፣ ቤቱ ሄዶ መጽሐፉን ከትራሱ ሥር አወጣና ግድግዳው ላይ መደርደሪያ ሠራለት። አመተ ማርያም ምን አስተማርሽብኝ ብላ መጣች፤ እንቅልፉን ያለ መጽሐፍ እንዴት ይተኛል አለች። ስለ የዋሆች ባነበበ ሳምንት በቅሎዋን መምታት ተወ። እኔ መጽሐፍ ቅዱስን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳነብ አንድም ዓረፍተ ነገር እንዲህ እጄን ይዞ ሥራ ያስጀመረኝ አልነበረም። ቀናሁበት ብል እውነት ነው።

የሚያዝኑ ይጽናናሉ የሚለው ላይ ግን ቆመ። ለሐዘናቸው ምክንያት የሆነውስ ሰው ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ።  ያን ጊዜ ጉሙ በመስኮቱ ገባ። ፀጋው ጣቱን ከፊደሉ ላይ አነሣና አንገቱን ወደ ገደሉ መለሰ። ፊቱ አመድ መሰለ። ከንፈሩ ለፉጨት ሞጥሞጥ አለና ተመልሶ ተዘጋ። እኔ አንዳች ነገር አልሰማሁም። ሌሎቹ ጎልማሶች ዓይናቸውን ደብተራቸው ላይ ተከሉ።

በዚያ ዓመት ፀጋው ለኅዳር ሚካኤል ስለት ነበረበት። ፉጨቱ ከጆሮው ከወጣለት የቤተ ክርስቲያን ጥላ አስገባለሁ ብሎ ተስሎ ነበር። ፉጨቱ አልወጣለትም፤ እሱ ግን መልአኩን ቀድሜ ልስጠው ብሎ ዘርፉ ወርቃማ የሆነ ቀይ ከፋይ ጥላ ከጎንደር ገዝቶ አመጣ። ከበዓሉ በፊት ባለው እሑድ ትምህርታችን የሚቀጥለው ቦታ ላይ ደረሰ። በወንድሙ ላይ የሚቆጣ የሚለውን አነበበ። ቀጠለና ስጦታህን ይዘህ ወደ መሠዊያው ስትቀርብ ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ትዝ ቢልህ፣ ስጦታህን እዚያው ተወውና ሂድ፣ በመጀመሪያ ታረቅ፣ ከዚያ መጥተህ አቅርብ የሚለውን አነበበ። አንድ ጊዜ አነበበው። ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ደግሞ አነበበው። ሌሎቹ እስኪሄዱ ጠበቀ።

«መምህርት፣ ወንድሙ ሞቶ እንደሆነስ?» አለኝ።

እሱን አባን ጠይቅ አልሁት።

«ቢሞት ተወው አይልም። ሂድ ነው የሚል።»

ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሁሉንም ነገረኝ። በቅሎዋን፣ ኩርፊያውን፣ ሦስቱን ፉጨት፣ መልሻለሁ ያላትን ቃል። ለንስሐ አባቱ እንኳ ተናግሮ አያውቅም። ፍትሐት የተከለከለው የአሻግሬ ነፍስ በእሱ አንዲት ቃል ውጭ እንደ ቀረች፣ እናቱም ከቅጥር ውጭ የምትቀመጠው በእሱ ምክንያት እንደሆነ እያወቀ በየበዓሉ አልፏት ይገባ ነበር።

ያልሁትን ስናገር አፍራለሁ። አስብበት አልሁት። ያርጋል መተማ ነው፣ መሣሪያ አለው፣ የወንድሙን ደም ሳይመልስ አይተውህም አልሁት። ቢያንስ በዓሉ ይለፍ፣ ስለትህን አስገባና ቀስ ብለህ ለአባ ትናገራለህ አልሁት። ያስተማርሁት እኔ ነኝ፤ ያነበበውን እንዳያደርግ የመከርሁትም እኔ ነኝ። ፀጋው መጽሐፉን በጨርቁ ጠቀለለ። ቃሉ ተውና ሂድ እያለ እኔ አስገብቼ ልሂድ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝና ወጣ።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሰው ሞልቶ ነበር። ስለት ያለባቸው በደጀ ሰላሙ ተሰልፈው ለአባ ወልደ ገብርኤል ያስረክባሉ። የፀጋው ተራ ደረሰ። ጥላውን አባ እግር ሥር፣ ሳሩ ላይ አስቀመጠውና ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። አባ ጠሩት፤ አልዞረም። በቅጥሩ ዙሪያ ወደ ገደሉ በኩል ሄደ፤ ከግንቡ የወደቀ አንድ ድንጋይ አነሣና አንገቱ ላይ አደረገ። ይቅርታ ለመለመን ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሲያይ ሕዝቡ ቅዳሴውን ትቶ ተከተለው። እኔም ተከተልሁ።

የሺወርቅ እንደ ወትሮዋ ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ፀጋው ከፊቷ ተንበረከከ። የተናገረውን ሁሉም ሰማው።

«እናቴ፣ አሻግሬ ራሱን አልጣለም። እኔን ሊፈልግ ሲመለስ ነው የወደቀ። አፏጭቶልኝ ነበር፤ አኩርፌ ዝም አልሁት። መልሻለሁ ብዬ ለሽማግሎች የዋሸሁም እኔ ነኝ። አንቱን ከደጅ ያስቀረሁ እኔ ነኝ።»

በደንባችን የተበደለው ሰው ይቅር ካለ ድንጋዩን በእጁ ያወርደዋል። ሁላችንም እጇን እናይ ነበር። የሺወርቅ መዳፏን መቃብሩ ላይ አደረገች። ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና በመካከላችን አልፋ ወደ ቤቷ ሄደች። ድንጋዩ እንዳለ ቀረ። ማንም አላወረደለትም፤ ማንም ሊያወርድለት አይችልም ነበር። አባ ወልደ ገብርኤል ደርሰው ነገሩን ሰሙ። እሳቸውም፣ ሁለተኛ ሳልጠይቅ በሩን የዘጋሁበት እኔ ነኝ ብለው በሕዝቡ ፊት አለቀሱ።

ከበዓሉ ቀጥሎ ካለው እሑድ ጀምሮ ፀጋው ከቅዳሴ በኋላ ያንኑ ድንጋይ አንገቱ ላይ አድርጎ የየሺወርቅ ደጅ ይቆማል። ያንኳኳል። በሩ አይከፈትም። ቀትር ሲያልፍ ድንጋዩን ተሸክሞ ይመለሳል። ያርጋል ወሬውን ሰምቶ በታኅሣሥ ከመተማ መጣ። ሕዝቡ ፀጋውን እንደ ሞተ ቆጠረው። ሰውዬው ግን በሚቀጥለውም እሑድ ሄደ፤ ያርጋል ግቢው ውስጥ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያየው ዋለ። ነገሩን ለመጨረስ አንድ ጥይት መተኮስ ብቻ ነበር የሚቀረው። በኋላ እንደሰማሁት፣ እናቱ አንዱን ልጄን ገደል ወሰደው፣ አንተን ደግሞ እስር ቤት ቢወስድህ እረግምሃለሁ ብላው ነበር። ይህን ግን ፀጋው አያውቅም። እያንዳንዱን እሑድ የመጨረሻዬ ነው እያለ ነበር የሚሄደው።

ትምህርቱን አላቋረጠም። ከደጇ ተመልሶ፣ አንገቱ ተልጦ፣ አግዳሚው ላይ ይቀመጥና መጽሐፉን ይከፍታል። ለነገ አትጨነቁ የሚለው ላይ የደረሰው ያርጋል በመጣ ሰሞን ነው። እያንዳንዱን ፊደል እንደሚጨበጥ ነገር ያዘው። ክርስቶስ የዛሬውን ብቻ ነው የጠየቀኝ አለ፤ ዛሬ ደግሞ ደጇ ሄጃለሁ አለ። በሚያዝያ ለምኑ፣ ፈልጉ፣ አንኳኩ የሚለው ላይ ደረሰ። አንኳኩ የሚለውን ሲያነብ ቀና ብሎ አየኝ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አይልም አይደል አለኝ። አይልም አልሁት። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ሲል አየሁት። ተስፋ የሚባለው ነገር ምን እንደሚመስል ጠይቁኝ፤ አንገቱ የተላጠ ሰው ነው።

ጉሙ ግን ጉም ነው፤ ፉጨቱም አልተወውም። እንዲያውም ከተናዘዘ በኋላ ቀረብ ብሎ ይሰማኛል ይል ነበር። እኔም በዚያ ሰሞን ዳባት ወርጄ ሦስት ዓመት ያኮረፍኋትን እህቴን ሕሊናን አነጋገርኋት። ምን እንዳኳረፈን ሁለታችንም በቅጡ አናስታውስም ነበር። ይህን የጻፍሁት ለመመስገን አይደለም፤ እንዴት እንደፈራሁ ስለማስታውስ ነው።

አባ ወልደ ገብርኤል ከቤተ ክህነት ፈቃድ ለማምጣት ደባርቅ ስንት ጊዜ ተመላለሱ። በመጨረሻ ከሰኔ ሚካኤል አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ የአሻግሬ ዐፅም ከአስታው ዛፍ ሥር ወጣ። በነጭ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ፍትሐት ተደርጎለት፣ አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው በበሩ ገባ። አባ ስሙን ከፍ አድርገው ጠሩ። የሺወርቅ ከኋላው ሆና ቅጥሩን ረገጠች። ሴቶቹ እልል እንበል ወይስ እናልቅስ ብለው ተቸገሩ። ያርጋል ከወንዶቹ ጋር አፈር መለሰ። ፀጋው ከግንቡ ጥግ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቆሞ ነበር፤ ማንም ና አላለውም።

ሰው ሲበተን እኔ አባን ላግዝ ቀረሁ። የሺወርቅም ከአዲሱ መቃብር አጠገብ፣ ፀጋውም ከቆመበት ጥግ ቀሩ። ያን ጊዜ ጉሙ ከገደሉ ወጣ። በመጀመሪያ የአስታውን ዛፍ ወሰደ፤ ከዚያ ግንቡን፤ ከዚያ ጥዶቹን። ከሦስቱ ሰዎች በቀር የሚታየኝ ጠፋ። ፀጋው ድርቅ አለ። ፊቱ ወደ ገደሉ ዞረ፤ ያው አመድ መልኩ መጣ። የሺወርቅ አየችው። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችው።

«ምን ሰማህ?»

«እሱን ነው፣ እናቴ። ጉም ሲገባ ያፏጫል።»

«ምን ብሎ?»

ፀጋው ከንፈሩን ሰበሰበ፤ አልወጣለትም። ደግሞ ሞከረ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም። የሺወርቅ እንደተመታ ሰው ቁጢጥ አለች። አሻግሬ ከመንገድ ሲመለስ ከወንዙ ማዶ ሆኖ በሩን እንድትከፍትለት ያፏጭላት የነበረው ይኸው ነው። ከሞተ ወዲህ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም፣ ፀጋውም ጭምር፣ አፏጭቶት አያውቅም ነበር። አባ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልተነሣችም።

«ድገመው» አለችው።

ፀጋው ወደ ገደሉ ዞረና በሙሉ ትንፋሹ አፏጨ። እንባው በጉንጩ እየወረደ ነበር። ጉሙ ድምፁን ዋጠው። ቆየና፣ ከታች፣ በጣም ከሩቅ፣ የገደል ማሚቶው ሁለት አጭር፣ አንድ ረዥም ብሎ መለሰ። ማሚቶ ነው፤ እኔ መምህርት ነኝ፣ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ አማተብሁ።

የሺወርቅ የበቅሎ ጫኝ ሚስት ነበረች፣ የበቅሎ ጫኝ እናት ናት። ደንቡን ታውቀዋለች። የማሚቶው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ አዳመጠችና መቃብሩን ተደግፋ ተነሣች።

«ሰምቶሃል» አለችው። «መልስ አግኝቷልና እንግዲህ መንገዱን ይሂድ።»

ከዚያ ወደ እሱ ሄዳ ሁለት እጆቿን አንሥታ ድንጋዩን ከአንገቱ አወረደችው። ከብዷት ነበር፤ እስከ መቃብሩ ድረስ ግን ማንም አያግዘኝ ብላ ብቻዋን ተሸከመችው።